የጓሮ ጌሾና የዋግ ሴቶች

የዋግ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የዋግሹሞች ስም ነው። ቀጥሎ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ይነሣል፤ ከዚያ ድርቁና ረኀቡ ይከተላል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም መነገር አለበት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የእናቶቻችን እጅ ብዙም አይታይም። ግብር ሲበላ የጠመቀችው፣ ለማኅበሩ ጋን ያጠነችው፣ ክፉ ቀን አልፎ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ጓሮውን እንደገና የቆፈረችው ሴት ስሟ አልተጻፈም። ሥራዋን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ቤቷ ጀርባ ዞሮ ጌሾዋን ይመልከት።

ጌሾ ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚለቀም ተክል አይደለም። ችግኙ ተተክሎ የሚረባ ቅጠል እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ቁጥቋጦው ሙሉ ሆኖ ቤት እስኪደጉም ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ጌሾ የምትተክል ሴት ከሁለት ክረምት በኋላም በዚያው ቤት እንደምትኖር ተማምና ነው። እኛ የማኅበሩ አባሎች በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምንፈልገው ይህንን ነው፦ ጌሾ የሴት ቋሚ ንብረት ሆኖ ኖሯል፤ እሷ ስትረጋ ይረጋል፣ እሷ ከቀዬዋ ስትነቀል አብሯት ይነቀላል።

ተክሉና አገሩ

ጌሾ በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ፊቱ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ዳር ዳሩም እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው። አበባው ትንሽና አረንጓዴ ቢጤ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ንብ ግን አትስተውም። ፍሬው የአተር ፍሬ ያህላል፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ካልተቆረጠ እስከ 6 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ በየጓሯችን ግን በየጊዜው ስለምንለቅመውና ስለምንገርዘው ከሰው ቁመት ብዙም አያልፍም።

በአገራችን ጌሾ የሚስማማው ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። በዋግ ኽምራ የጋዝጊብላና የደሃና ደጋ፣ ሰቆጣና ዙሪያዋም፣ በዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ተከዜ ስንወርድ፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ፣ ሙቀቱ ስለሚበረታበት የዚያ አገር ሰው ጌሾውን ከገበያ ይገዛል። ከሰሜን የሚመጣ ነጋዴ ደግሞ ጸዶ የሚባለውን የጌሾ ዘመድ ያውቃል፤ በትግራይና በኤርትራ ለመጠጥ ያገለግላል።

ተክሉ ራሱ በኬንያም በደቡብ አፍሪካም ይበቅላል። ደቡብ አፍሪካ ላይ "ብሊንክብላር" ይሉታል፤ "አብረቅራቂ ቅጠል" ማለት ነው። እዚያ ለቤት አጥር ይተከላል፤ ቤትን ከመብረቅ ይጠብቃል የሚል እምነትም አለ። በጃፓን የሻይ ቅጠል ዘመድ የሆነውን ካሜሊያን በቤታቸው ዙሪያ እንደሚተክሉት ሁሉ፣ ደቡብ አፍሪካውያንም ጌሾን ለውበቱና ለአጥርነቱ ይወዱታል። በእኛና በኤርትራ ግን ጌሾ ከውበቱ በፊት የመጠጥ መሠረት ነው።

ጌሾ ሰው ሳይተክለው በጫካ ዳርና በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ይገኛል። ፍሬውን ወፍ በልታ ዘሩን ትጥላለች፤ በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። የደኑ ተክል የጓሮ ተክል የሆነበት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም። ቅጠሉ በየበዓሉ ይፈለጋል፤ ደኑ ሩቅ ነው፤ የቤት ሥራዋ የማያልቅላት ሴት ደግሞ የምትፈልገውን ነገር በቅርብ ታደርጋለች። ጓሮ እዳሪና አመድ የሚደፋበት፣ እጣቢ ውሃ የሚፈስበት ቦታ በመሆኑ ለም ነው። ጌሾውም እዚያ ተመቸው።

ግብር፣ ገበያና ማኅበር

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የዋግሹሞች ዘር ከዛጉዌ ነገሥታት ይመዘዛል። የዛጉዌ መንግሥት በ1262 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ዋግ በራሷ ሹሞች ስትተዳደር ኖራለች። ከእነዚህ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። የመኳንንት ቤት ማለት ደግሞ የግብር ቤት ማለት ነው። ግብር ያለ ጠጅ አይበላም። ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ እንጨት ይጣላል። ማሩን ገባሩ ያመጣዋል፤ የዋግ ማር ዛሬም የታወቀ ነው። ጌሾው ግን ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ደርቆና ተከትፎ ወደ ጋኑ የሚገባው በሴት እጅ ነበር።

ሰቆጣ የገበያ ከተማም ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው የአሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ናት። አሞሌ በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር፤ በእሱ እህል፣ ከብትና ጨርቅ ይገዛበታል። የነጋዴው በቅሎና አህያ ባደረበት ሁሉ ደግሞ እንጀራና ጠላ ይፈለጋል። ነጋዴው ሲያልፍ አሞሌው በሴቷ እጅ ይቀር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም፤ እንጀራውንም ጠላውንም የምታቀርበው እሷ ናትና።

በገጠሩ ደግሞ ጌሾ ከሃይማኖቱ ቀን መቁጠሪያ ጋር ተሳስሮ ኖረ። ማኅበር ተራው ሲደርስ፣ ሰንበቴ ሲወጣ፣ ተዝካር ሲደገስ ጠላ ያስፈልጋል። ጠላ ለመጥመቅ መጀመሪያ ጌሾ ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ብቅሉ ይገባል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ቀጥሎ ቂጣው፣ አሻሮው ወይም እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ ከዚያ በውሃ ይጠለላል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። በዚህ ሁሉ የጌሾ ሥራ ሁለት ነው። ለመጠጡ ምሬትና ጠረን ይሰጠዋል፤ መጠጡን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። የምሬቱን ንጥረ ነገር ኬሚስቶች ከተክሉ ስም ወስደው "ጌሾይዲን" ብለውታል። እናቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁታል፤ ጌሾ ያነሰው ጠላ ቶሎ እንደሚሆመጥጥ የማታውቅ ጠማቂ የለችም።

ከሁሉ በላይ ለእኛ ታሪክ የሚቀርበው ጌሾ ወቀጣ ነው። ሠርግ ሲቃረብ የድግሱ ሥራ የሚከፈተው በጌሾ ወቀጣ ነው። የጎረቤት ሴቶች ሙቀጫና ዘነዘናቸውን ይዘው ወደ ባለ ድግሷ ቤት ይመጣሉ። እየዘፈኑ፣ እልል እያሉ ይወቅጣሉ። ጌሾ ያላት ጌሾ ታመጣለች፣ የሌላት ጉልበቷን ታመጣለች። ነገ የእሷ ልጅ ሲዳር ተራው ይዞርላታል። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም ግን አይረሳውም። ዛሬ ማኅበራችን በመዝገብና በደረሰኝ የሚሠራው ሥራ፣ ተራ መጠበቅና ብድር መመለስ፣ በሙቀጫው ዙሪያ የተለመደ ነገር ነው። ስለ መረዳዳት ሲነገር እቁብና እድር ይጠቀሳሉ፤ ጌሾ ወቀጣም ከእነሱ ጎን መቆጠር ይገባዋል።

የሌላ አገር ሴቶች ምን ገጠማቸው?

በአውሮፓ የጌሾን ሥራ የሚሠራ ሆፕስ የሚባል ሐረግ አለ። ዛሬ ፋብሪካዎች ለቢራ የሚጠቀሙበት እሱን ነው። የሆፕስ ምሬት መጠጥ እንዳይበላሽ እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዷ እ.ኤ.አ. ከ1098 እስከ 1179 በጀርመን የኖረችው መነኩሲት ሂልደጋርድ ናት። ሴት መሆኗን ልብ እንበል።

በእንግሊዝ አገር በዚያ ዘመን መጠጥ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ያገባችውም፣ ባሏ የሞተባትም በቤቷ ጠምቃ ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። መጠጡ ሆፕስ ስላልነበረበት ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ሩቅ አይወሰድም፤ ገበያውም በመንደሯ ሴት እጅ ይቀራል። በኋላ በሆፕስ የተጠመቀ ቢራ ከባሕር ማዶ ገባ። መጠጡ ብዙ ጊዜ መቆየትና ሩቅ መጓዝ ሲችል ትልልቅ ጋኖች፣ ትልቅ ገንዘብና ብድር የሚጠይቅ ንግድ ሆነ። ገንዘቡም ብድሩም በወንዶች እጅ ስለነበር በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ጠመቃው ከሴቶች እጅ ወጣ። በባቫርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ ደነገገ፤ በየቤቱ በሌላ ቅጠል መጥመቅ ቦታ አጣ።

በአገራችን የቢራ ፋብሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ በተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ፋብሪካዎቹ በበዙበት በዚህ ዘመን እንኳ ጠላና ጠጅ አልጠፉም፤ ጌሾም ከሴቷ ጓሮ አልወጣም። ፋብሪካው ሆፕሱን ከውጭ ያስመጣል፤ የጠላ ጠማቂዋ ጌሾ ግን ከጎረቤት ጓሮ ይገኛል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ያሉ ወገኖቻችን ከሐበሻ ሱቅ የሚገዙት የታሸገ ጌሾ ከአንድ ሰው ጓሮ ወይም ማሳ የተለቀመ ነው። ከእንግሊዛውያኑ ሴቶች የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጥበቡን ማወቅ ብቻውን ሴትን አላዳናትም፤ ጥሬ ዕቃውና ገበያው በእጇ መቆየት ነበረበት።

በክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን ከብቱን ጨርሶ፣ ማሳውን ጦም አሳድሮ፣ ሰሜኑን አገር ባዶ አደረገው። በ1958 ዓ.ም. ረኀብ ዋግንና ላስታን መታ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ መጣ። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት በዓይናቸው አይተዋል። በዚያ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ሰፈረ።

እህል ሲጠፋ ጌሾ ሥራ ያጣል። የሚጠመቅ ከሌለ የሚወቀጥ የለም። ቅጠሉ አይበላ፤ ገዢም አያገኝ። ሰው ለማገዶ፣ ከብት ለመኖ ይቆርጠዋል። ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ አጥሩ ይፈርሳል፤ ፍየል ይገባል። ስለዚህ ከክፉ ቀን በኋላ ጓሮ ገብቶ ያየ ሰው ጌሾው ቆሞ ካገኘው ያ ቤት አልተዘጋም ማለት ነው። ጉቶው ብቻ ከቀረ ሰው እንደተሰደደ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ጌሾ ጽኑ ተክል ነው። ሥሩ ካልተነቀለ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ሰቆጣና ዙሪያዋ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች ዓመታት በመጠለያ አሳለፉ። ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው ጣሪያውን፣ በሩን፣ ከብቱን ይቆጥራል። ሴቶቹ ግን ጓሮውንም ይቆጥራሉ። ቢቆረጥም ሥሩ የቀረለት ጌሾ በአንድ ክረምት ቅርንጫፍ ያወጣል። ሥሩ የተነቀለበት ቤት ደግሞ ከዘር መጀመር ግድ ይሆንበታል፤ ያ ማለት ሁለትና ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። የጦርነት ጉዳት ሲመዘገብ ቤት፣ ከብትና እህል ይጻፋል። የጓሮ ጌሾ ግን ብዙ ጊዜ ከዝርዝር ውጪ ይቀራል፤ የሴቷ የእጅ ገንዘብ ግን የሚወጣው ከዚያ ነበር።

መሬቱ የማን ነው?

ቋሚ ተክል ያለ ቋሚ መሬት አይሆንም። በድሮው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። ይሁንና ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ የምትተክለውም በባሏ ጓሮ ነው። ቢፋቱ ተክሉ እዚያው ይቀራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጾታ ሳይለይ መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ ደነገገ፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን መሬቱ የሚመዘገበው ባመዛኙ በአባወራው ስም ነበር።

ለውጥ የመጣው በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። የክልሉ የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 133/1998ም የሴቶችን የይዞታ መብት አጽንቷል። ይህ ለጌሾ ትልቅ ነገር ነው። ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ብትፋታም፣ ባሏ ቢሞትም፣ የተከለችውን ትለቅማለች። ስለዚህ አባሎቻችንን ደጋግመን የምንመክረው አንድ ነገር አለ፦ ጌሾ ከመትከላችሁ በፊት ደብተራችሁን ተመልከቱ፤ ስማችሁ መኖሩን፣ የጓሮው ወሰን በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። በጦርነቱ ደብተራቸው የጠፋባቸው ደግሞ ምትክ ለማውጣት ቀበሌያቸውን ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠይቁ።

እናቶቻችን ያቆዩልን አሠራር

ጌሾን ማሳደግ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአያቶቻችን የተማርነውን፣ በየጓሯችንም ያየነውን እንዲህ እናስቀምጣለን።

ዘሩ ከጠንካራ፣ ቅጠለ ሰፊና ከበሽታ ነጻ ከሆነ እናት ተክል ይለቀማል። ፍሬው ወደ ጥቁር ሲለወጥ፣ ወፍ ሳትቀድመን፣ እንለቅመዋለን። ሥጋው በውሃ ታሽቶ ይለቀቃል፤ ዘሩ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። በክረምቱ መግቢያ የሚተከል ችግኝ እንዲደርስ ዘሩ በበጋው መጀመሪያ መደብ ላይ ይዘራል። መደቡ ከጓሮ አፈር፣ ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋ ይዘጋጃል። ዘሩ ጥልቅ መግባት የለበትም፤ ስስ አፈር ይበቃዋል። በላዩ ሣር ይጎዘጎዛል፤ ከፍ ብሎም ዳስ ይጣልበታል፤ ጌሾ የደን ልጅ በመሆኑ በሕፃንነቱ ኃይለኛ ፀሐይ አይወድም። ጠዋትና ማታ በቀስታ ይጠጣል።

ችግኙ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። ስንዝር ተኩል ያህል ሲያድግ ለተከላ ይደርሳል። ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት ክንድ ያህል ተቆፍሮ ይቆይ፤ የላይኛው ለም አፈር ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስበት። በአንዱና በሌላው መካከል ከ1.5 እስከ 2 ሜትር እንተው። ዝናቡ አፈሩን ካራሰ በኋላ፣ ደመናማ ቀን ተመርጦ ይተከል። ከረጢቱን ቀዶ ማውጣት አይረሳ፤ ሥሩ ታፍኖ የቀረ ችግኝ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል።

የዋግ ፈተና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ዝናቡ ቶሎ ይወጣል፤ በጋው ረጅም ነው። የመጀመሪያውን በጋ ያለፈ ጌሾ አብዛኛውን ጊዜ ይዘልቃል። ስለዚህ የእቃ እጣቢና የእግር ውሃ ወደ ሥሩ ይሂድ፤ ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን አይሁን። ግርጌው በሣርና በገለባ ይሸፈን፤ እርጥበቱ ይቆያል። ውሃ የሚያቁር ክብ እርከን በዙሪያው ይሠራ። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይታጠር።

ለቀማ የሚጀመረው ተክሉ ከተጠናከረ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ለተክሉ ይተው። ከዚያ በኋላም ከግማሽ በላይ ቅጠሉን ማራገፍ ተክሉን ያደክመዋል። የጎለመሰው ቅጠል ይለቀማል፣ ለጋው ይቀራል። ያረጀ ቁጥቋጦ በጉልበት ልክ ተቆርጦ ቢታደስ ከሥሩ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የተቆረጠው እንጨትም ለጠጅ ይሸጣል። ክሽክሽ ከታየ የተጠቃው ጫፍ ይቆረጥ፤ ቀሪው ላይ አመድ ይነስነስ። የተለቀመው ቅጠል ነፋስ በሚገባበት ንጹሕ ቦታ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ይደርቃል። እርጥቡ የታሸገ ጌሾ ይሻግታል፤ የሻገተ ጌሾ ደግሞ ገዢ ያሸሻል፣ ጤናም ይጎዳል።

የማንሸሸው ጥያቄ

በስብሰባችን ላይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያወጣው ቃል ኪዳን በከተማችን ስም "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ተብሏል። በዚህ አገር፣ ልጅ በምግብ እጥረት በሚቀነጭርበት ቀዬ፣ ለመጠጥ የሚሆን ተክል እንዴት እናበረታታለን? እህሉስ ከልጅ አፍ ተነጥቆ ወደ ጋን አይገባም ወይ? ይህን የሚጠይቁት ጠላ የማይቀምሱ አባሎች ብቻ አይደሉም፤ በጠላ ሽያጭ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችም ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ሁለቱን ነገር ለይቶ ከማየት ይጀምራል። ጌሾ እህል አይበላም። በአጥር ሥር፣ በወሰን ዳር፣ በድንጋይ ካብ ጥግ ይበቅላል፤ የጎመኑንና የካሮቱን መደብ አይሻማም። ቅጠሉን ለገበያ የምታቀርብ ሴት ራሷ መጥመቅ አይጠበቅባትም፤ መጠጥ የማትነካዋም ብትሆን ከአጥር ዳሯ ገቢ ታገኛለች። በዚያ ገንዘብ እንቁላል፣ ዘይትና ሽሮ መግዛት ትችላለች። ለመጥመቅ የምትወስን ደግሞ የቤቷ የዓመት እህል መጀመሪያ ይሰፈር፤ ከልጆቹ ድርሻ የሚቀነስ ጠላ ትርፍ የለውም። የጠላ ጠማቂ እናቶቻችንን አናሳፍርም፤ በክፉ ዘመን ቤት ያቆሙት እነሱ ናቸው። በጓሮ ተከላችን ላይ የተስማማንበት ሥርዓት ግን አንድ ነው፦ መሐሉ የልጆች ምግብ፣ ዳሩ ጌሾ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። አብዛኛው የዕርዳታ ሥራ በአንድ ዓመት ተጀምሮ በዚያው ዓመት ሪፖርት ይጻፍበታል። ጌሾ በዚያ ልክ አይሠራም። በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው የተተከለ ችግኝ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው የተረፈው ይቆጠራል፤ ገቢው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ችግኝ መስጠት ደግሞ ከሥራው ትንሹ ነው። የሚበልጠው ለመጀመሪያው በጋ የሚሆን የውሃ ማጠራቀሚያ፣ አጥርና የሦስት ዓመት ክትትል ነው። ከእኛ ጋር የምትሠሩ ሁሉ ሥራውን በሦስተኛው ዓመት በቆሙት ቁጥቋጦዎች ቁጥር እንድትመዝኑልን እንለምናለን።

አባሎች ሆይ፣ ከጦርነቱ የተረፈ እናት ጌሾ በጓሯችሁ ካለ ዘንድሮ ፍሬውን ለወፍ ብቻ አትተዉት። እፍኝ ዘር ልቀሙና በወሩ ስብሰባ ላይ ይዛችሁ ኑ። ሥሩ ለተነቀለባቸው እህቶቻችን እናካፍላለን፤ መደቡንም በኅብረት እንሠራለን። የእነሱ ጌሾ ሲደርስ ዘሩን ለሚቀጥሉት ያስተላልፋሉ፤ ተራው በዚያው መንገድ ይዞራል።